ታች ሱቅ፥ ላይ ማደሪያ

የታሪክ ጸሐፊ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ቤተ መንግሥት አሠራር ብዙ ይጽፋል፤ የነጋዴ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል። ይሁን እንጂ የከተማ ሕዝብ እንዴት እንደ ኖረና እንዴት እንደ ተጐራበተ የሚያስረዳው ይኸው ቤት ነው።

በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1714 እስከ 1830 ጊዮርጊስ የተባሉ አራት ነገሥታት ተከታትለው ነግሠዋልና የዚያ ዘመን የቤት አሠራር በስማቸው ይጠራል። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በመንገድ ዳር ይሰለፋሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ታቹ ሱቅ ላዩ ማደሪያ ነበር። ለንደን በ1666 በእሳት ከነደደች በኋላ የቤት ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ ታዘዘ። በ1774 የወጣውም ሕግ የሱቅ መስኮት ወደ መንገድ የሚወጣበትን ልክ ወሰነ። ይህም የአንዱ እሳት ጎረቤቱን እንዳይፈጅ፥ መንገዱም እንዳይጠብ ነው።

በአገራችን ይህን የሚመስል በሐረር ይገኛል። የጥንቱ የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ግቢው መልሶ ከመንገድ በግንብ የተጋረደ፥ ውስጡም ከፍና ዝቅ ባሉ አምስት መደቦች የተከፈለ ነው። ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ የህንድ ነጋዴዎች እየበዙ መጡ። እነርሱ የሠሩት ቤት አራት ማዕዘን፥ ምድርና ፎቅ ያለው፥ የእንጨት ሰገነቱም ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት ነው። በፈረንሳዊው ባለ ቅኔ በራምቦ ስም የሚጠራው ቤትም እርሱ ካለፈ በኋላ በህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። ቀስ በቀስም የሐረሪውና የህንዱ አሠራር ተዋሕደው ሌላ ዓይነት ቤት ወጣ። የጀጐልም ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ይህ ዐሳብ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። በላሊበላ ያለው ክብ የድንጋይ ድርብ ቤት ታቹ ለከብት፥ ላዩ ለሰው ሆኖ ደረጃው በውጭ ይወጣል። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየበት ጊዜ የመኪና መንገድ በሠራ ጊዜ ግን በመርሳና በወልድያ የከተማ ቤት ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፥ ክዳኑ ቆርቆሮ ሆነ፤ ፊቱ ሱቅ፥ ጓዳው ማደሪያ ሆኖ ተከፈለ። ነጋዴው በፊት በር ከእንግዳ ጋር ሲመዝን፥ ከመጋረጃው ወዲያ ልጆቹ ይማሩ፥ እናታቸውም ታበስል ነበር።

እንዲህ ያለው ቤት ዛሬ በየከተማው እየፈረሰ ነው። በአዲስ አበባ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከተማ ሲታደስ አሮጌው ሁሉ ይቈይ ማለት አይቻልም፤ ሳይለካ፥ ሥዕሉ ሳይነሣ፥ ማን እንደ ሠራውም ሳይጻፍ መፍረሱ ግን ጥፋት ነው። አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል ኅዳግ ይጽፉ ስለ ነበር የብዙ አገር ታሪክ እስከ ዛሬ ተርፎልናል። የወልድያና የመርሳ ካህናትና ነጋዴዎችም የየሰፈራቸውን ቤት ታሪክ እንዲሁ ጽፈው ቢያኖሩ ለልጆቻቸው ታላቅ ርስት ይሆናል። በቅኔ ሰሙ ከጠፋ ወርቁ እንደማይገኝ፥ ቤቱም ምልክቱ ሳይቀር ከጠፋ በውስጡ የኖረው ሰው ሥራ አብሮ ይረሳልና።