ጁሙዓ ላይ ስልኩን ማን ያነሳል? የአነስተኛ ድርጅት የስልክ ማዞሪያ አተካከልና አሞላል



ደንበኛ ወደ ሱቅ ወይም ወደ ክሊኒክ ደውሎ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ማንም ካላነሳለት፣ ወይም ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲያመላልሱት ቆይተው ከተቋረጠበት፣ ቀጥሎ የሚደውለው ለሌላ ነጋዴ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ያ ሰው መደወሉን እንኳ አያውቅም። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የጠፋው ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የማንን ጥሪ እንደሚያነሳ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ነው። ማዞሪያው የተነገረውን ብቻ ይፈጽማል። ስለዚህ ከቁልፉ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይቅደም እንላለን።

ለምሳሌነት የምንወስደው በየቢሮው ግድግዳ ላይ የሚታየውን ፓናሶኒክ ኬኤክስ-ቲኢኤስ824 ነው። ከካርቶኑ ሲወጣ 3 የውጭ መስመርና 8 የውስጥ ስልክ ይይዛል፤ ካርድ ሲጨመርለት እስከ 8 የውጭ መስመርና እስከ 24 የውስጥ ስልክ ይደርሳል። በኢንተርኔት የሚሠሩ አዳዲስ ማዞሪያዎች ቢኖሩም፣ ሁለት ወይም ሦስት የመደበኛ ስልክ መስመር ላለው ድርጅት ይህ በቂ ነው። የሌላ ምርት ያላችሁ የኮድ ቁጥሮቹን ከመመሪያ መጽሐፉ ፈልጉ፤ አሠራሩ ግን ተቀራራቢ ነው።

መጀመሪያ በወረቀት

መርካቶ ውስጥ አንድ የጨርቃጨርቅ አስመጪ አለ እንበል። የውጭ መስመሩ ሁለት፣ የውስጥ ስልኩ ስድስት ነው፦ እንግዳ ተቀባይ፣ ሽያጭ፣ ሒሳብ፣ መጋዘን፣ የባለቤቱ ቢሮና የዘበኛ ክፍል። ፋብሪካው የሰጠው የውስጥ ቁጥር ከ101 ይጀምራል። በወረቀቱ ላይ ስድስቱን ስልኮች ጻፉና በእያንዳንዳቸው አጠገብ ሦስት ነገር አስቀምጡ፦ ቀን ይጠራል ወይ? በምሳ ሰዓት ይጠራል ወይ? ማታስ?

ማሽኑ እነዚህን ሦስት ጊዜያት ለየብቻ ያውቃቸዋል፤ ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ካልተነገረው ከውጭ የመጣ ጥሪ በሁሉም ስልክ ላይ ይጮሃል። ሁሉም ሲጮህ ደግሞ አንዱ በሌላው እየተማመነ ማንም አያነሳም። ቀን 101 እና 102 ብቻ ቢጠሩ ይበቃል። ማታ የዘበኛው ስልክ ይጥራ ወይስ አይጥራ የሚለው የባለቤቱ ውሳኔ ነው። እኛ ግን ዘበኛው ለደንበኛ ምን ብሎ እንደሚመልስ ካልተነገረው ባይጠራ ይሻላል ባዮች ነን።

ገመድና ኤሌክትሪክ

ተራው ባለ ቁልፍ ስልክ በሁለት ሽቦ ይሠራል። ማሽኑን ለመሙላት የሚያገለግለው የፓናሶኒክ ልዩ ስልክ፣ ለምሳሌ ኬኤክስ-ቲ7730፣ አራት ሽቦ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ለድምፅ፣ ሁለቱ ለመረጃ። ጥንዶቹ ከተቀላቀሉ ስልኩ በትክክል አይሠራም፤ ብዙ ሰው ያኔ ስልኩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሊገዛ ይሄዳል። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙም ተጠንቀቁ፤ የፓናሶኒክ ዲጂታል ስልኮች መልካቸው ተመሳሳይ ቢሆንም በዚህ ማሽን ላይ አይሠሩም።

የስልኩ ገመድ ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አይሂድ። የመሬት ሽቦው ሳይታሰር አይቅር፤ ክረምት ላይ መብረቅ የሚያወድማቸው ማዞሪያዎች ጥቂት አይደሉም።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑ አንደኛውን የውጭ መስመር በቀጥታ ከመጀመሪያው የውስጥ መስመር ጋር ያገናኘዋል። ነገር ግን እዚያ የተሰካው ልዩ ስልክ ብቻ ከሆነ ያለ መብራት ዝም ይላል። ስለዚህ በዚያው መስመር ላይ አንድ ተራ ስልክ ጨምራችሁ ስኩ። መስመራችሁ በፋይበር የሚመጣ ከሆነ ግን ይህም አያድናችሁም፤ የፋይበሩ ሞደም ራሱ መብራት ይፈልጋልና። ያኔ ማዞሪያውንም ሞደሙንም በአንድ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ነው።

ወደ ፕሮግራሙ መግባት

ልዩው ስልክ በመጀመሪያው የውስጥ መስመር ላይ ይሰካል። ፕሮግራም የሚለውን ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ቀጥሎ ኮከብና መሰላል (*#)፣ ከዚያ የይለፍ ቁጥሩን። ፋብሪካው የሰጠው ቁጥር 1234 ነው። መስታወቱ የፕሮግራም ቁጥር ሲጠይቅ የምትፈልጉትን ባለ ሦስት አኃዝ ኮድ ትሰጡታላችሁ። እያንዳንዱን ለውጥ ስቶር የሚለውን ቁልፍ ካልተጫናችሁ አይቀበለውም፤ ጀማሪ ሁሉ አንድ ቀን የሚደክምበትም ይህ ነው።

በ000 ቀንና ሰዓት ይሞላል። በ009 የውስጥ ቁጥሮችን መቀየር ይቻላል፤ ካላስፈለገ ግን 101፣ 102 እያሉ ቢቀሩ ለማስታወስ ይቀላል። በ400 የውጭ መስመር የተሰካባቸው ቀዳዳዎች ለማሽኑ ይነገሩታል፤ ባዶውን ቀዳዳ አለ ካላችሁት፣ 9 ብሎ ለመውጣት የሚሞክር ሠራተኛ ባዶ መስመር ሊይዝ ይችላል። በ408 ቀን፣ በ409 ማታ፣ በ410 በምሳ ሰዓት የሚጠሩት ስልኮች ይመረጣሉ። ወረቀቱን እያያችሁ መሙላት ነው።

ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር አትሙሉ

በ006 ጊዜያቱ በራሳቸው ይቀያየሩ ወይስ በእጅ የሚለው ይመረጣል። በ007 ደግሞ ለእያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን የሥራ መግቢያ፣ የምሳ መውጫና መመለሻ፣ የማታ መጀመሪያ ለየብቻ ይሞላል። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ነው፤ ኤኤም እና ፒኤም እየለየ። ጠዋት 2:30 ለማለት 8:30 ኤኤም፣ ማታ 12:00 ለማለት 6:00 ፒኤም ነው የሚሞላው። ይህን ስተው በእኛ ሰዓት የሞሉ ሰዎች ስልካቸው በሌሊት የቀን አገልግሎት ጀምሮ፣ በቀን ደንበኛ ሲደውል ማታ ነው ብሎ ዝም ይላል። ቀኑም የሚሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ለእኛ ለሙስሊም ነጋዴዎች ይህ 007 የሚባለው ኮድ ከሁሉም ይበልጣል። ዓርብ ለብቻው ስለሚሞላ የጁሙዓን ሰዓት ማሽኑ ራሱ ሊያከብር ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ይወጣሉ፤ በግል ድርጅትም ከ6:00 እስከ 8:00 ቢደረግ ኹጥባውንም ሶላቱንም መንገዱንም ይሸፍናል። ያ ማለት በማሽኑ 12:00 ፒኤም እና 2:00 ፒኤም ነው። በዚህ ጊዜ ጥሪው የት ይሂድ? ጁሙዓ ግዴታ ያልሆነባት እህት በሒሳብ ክፍል ካለች፣ ወይም ሙስሊም ያልሆነ የሥራ ባልደረባ ካለ፣ ወደ እነሱ ስልክ። ማንም ከሌለ በድምፅ መልእክት «ከ8:00 ሰዓት በኋላ ይደውሉ» ማለት ባዶ ቢሮ ውስጥ ከሚጮህ ስልክ ይሻላል። ረመዷን ላይ ደግሞ የሥራ መውጫችሁ የሚቀያየር ከሆነ ለአንድ ወር 006ን ወደ በእጅ መመለሱ ድካም ይቀንሳል።

ማን ወዴት ይደውላል?

ማሽኑ ለየስልኩ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣል። ደረጃ 1 ያለ ገደብ ይደውላል፤ ከ2 ጀምሮ የተከለከሉ መነሻ ቁጥሮች ይጨመራሉ። የውጭ አገር ጥሪ ለመዝጋት 00 ይሞላል፤ መስመር ማውጫው 9 አብሮ አይጻፍም።

ቆየት ያሉ ማዞሪያዎችን የወረሳችሁ አንድ ነገር ፈትሹ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ቁጥር 011 ተጨምሮበት በሙሉ አሥር አኃዝ ነው የሚደወለው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ደግሞ የሞባይል ቁጥር በ09 ብቻ ሳይሆን በ07ም ይጀምራል። የሞባይል ጥሪ ዘግተናል ብለው 09ን ብቻ የከለከሉ ድርጅቶች በ07 በኩል በራቸው ክፍት ነው።

1234ን ሳትቀይሩ አትደሩ

በ414፣ 415 እና 416 የውጭ መስመሩ በቀን፣ በማታና በምሳ ሰዓት እንዴት እንደሚስተናገድ ይወሰናል። አንዱ ምርጫ ደዋዩ በድምፅ መመሪያ ራሱ የውስጥ ቁጥር እንዲመታ የሚያደርገው ዲሳ የሚባለው ነው። ስንት ደዋይ በአንድ ጊዜ እንደሚያስተናግድ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ፤ እንደ ካርዱ ይለያያልና። ደዋዩ ስልኩን ከዘጋ በኋላ መስመሩ ተይዞ እንዳይቀርም ሞክሩት፤ በሌላ ስልክ ደውላችሁ ዝጉና መስመሩ ወዲያው ይለቀቅ እንደሆነ ተመልከቱ።

አደጋው ግን ወዲህ ነው። በዚሁ በር ከውጭ የገባ ሰው መልሶ የውጭ መስመር እንዲያገኝ ከተፈቀደለት፣ ሌባ በሌሊት ደውሎ በእናንተ ሒሳብ ወደ ውጭ አገር ይደውላል። ቢሉ ሲመጣ ከፋዩ መስመሩ የተመዘገበበት ሰው ነው። ስለዚህ ከውጭ ገብቶ ወደ ውጭ መውጣት ዝግ ሆኖ ይቆይ፤ የይለፍ ቁጥሩም በ002 ይቀየር። ማሽኑን በኮምፒውተር የሚሞላው ፕሮግራም የራሱ የይለፍ ቁጥር ካለው እሱም አይረሳ። የተቀየረውን ቁጥር ከቴክኒሻኑ በጽሑፍ ተቀበሉና በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ አኑሩ። ቴክኒሻኑ ቁጥሩን ይዞ ከሄደ፣ ነገ አንድ ቅንጣት ለመቀየር እሱን መለመን ነው።

ማሽኑ ማን ወዴት ለምን ያህል ጊዜ እንደደወለ ዝርዝር ሊያወጣ ይችላል። ይህን የምትጠቀሙ ከሆነ ለሠራተኞቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ደዋዩ ሲጠብቅ ምን ይስማ?

አንባቢያን ደጋግመው የሚጠይቁን ነው። ማዞሪያው ጥሪ ሲያቆይ ሙዚቃ ሊያሰማ፣ ከውጭ የተሰካ የድምፅ ምንጭ ሊያስተላልፍ፣ ወይም ቲት የሚል ድምፅ ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ሙዚቃውን ትተው ቁርኣን የሚያደርጉ አሉ፤ ኒያቸው መልካም ነው። ነገር ግን ስልኩ በተነሳ ቁጥር አንቀጹ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ ደዋዩም የሚያዳምጥበት ሁኔታ ላይ ላይሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ዑለማዎች ይህን አይመክሩም። እኛ የምንመርጠው ተራውን ድምፅ ወይም የሥራ ሰዓታችሁንና አድራሻችሁን የሚናገር አጭር ቅጂ ነው። ወላሁ አዕለም።

ሁሉም ከተሞላ በኋላ አንድ ሰው ከግቢ ወጥቶ በሞባይል ይደውል፦ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ማታ፣ አንዴ ዓርብ 6:30 ላይ። የት እንደጠራ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ወረቀቱን ከማሽኑ ሽፋን ጀርባ ለጥፉት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሽፋኑን የሚከፍተው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል።