የጠብታው ድርሻ፦ የክትባት እጥረትና የፍትሕ ጥያቄ በቅርብ ታሪካችን



ንግግሬን ከእናቴ ክንድ ልጀምር። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ተወልዳ ያደገችው እናቴ በክንዷ ላይ ክብ ጠባሳ አላት፤ የፈንጣጣ ክትባት ምልክት ነው። የታሪክ ተማሪ ከሆንሁ በኋላ ያ ጠባሳ የአንድ ጥያቄ መነሻ ሆነኝ፦ ክትባቱ ለሁሉም በማይበቃበት ጊዜ ለማን፣ ምን ያህል፣ በምንስ ማስረጃ ይሰጣል?

ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በአገራችን በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር ሠራተኛው ጥቂት፣ መንገዱም አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ዘመቻውን ካገዙት መሣሪያዎች አንዱ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ትንሽ መርፌ ነው። ቀድሞ ለ25 ሰው ይበቃ የነበረው ብልቃጥ በዚህ መርፌ 100 ያህል ሰው አዳረሰ። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ወደ ሩብ ቢወርድም ክትባቱ መያዙ በቀናት ውስጥ ቆዳ ላይ ይታይ ስለነበር ያልያዘለት ተለይቶ ሊደገምለት ይችል ነበር። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በአገሪቱ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ ተመዘገበ። በዚህ ታሪክ ቁጠባው የማንንም ጥበቃ አልነካም።

ሁለተኛው ታሪክ እንዲህ ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን የኤች ፒ ቪ ክትባት ስትጀምር የዓለም አቅርቦት አነስተኛ ነበር። ስለዚህ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሁሉ በማዳረስ ፈንታ የ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ተመረጡ። ምክንያቱ የሚናቅ አልነበረም፤ ታናናሾቻቸው በየዓመቱ 14 ሲሞላቸው ተራቸው ይደርሳል። በጊዜው መመሪያ መሠረት ደግሞ እስከ 14 ዓመት ሁለት መጠን ሲበቃ፣ ከ15 ጀምሮ ሦስት ያስፈልግ ነበር። ሆኖም በአሰላም ሆነ በአርሲ ደጋ መንደሮች 15 የሞላት ልጅ በጥቂት ወራት ልዩነት ከመስመሩ ውጭ ቀረች። የልደት ቀን በጽሑፍ በማይያዝበት ቤት ደግሞ መስመሩ የሚሰመረው በግምት ነው።

ከዚያ ማስረጃው ተለወጠ። በጎረቤት ኬንያ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባሉ ወጣት ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት አንድ መጠን ብቻውን ከፍተኛ ጥበቃ እንደሚሰጥ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ከ9 እስከ 20 ዓመት ላሉት አንድ መጠንን እንደ አማራጭ ተቀበለ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ልጃገረዶች አንድ መጠን ሰጠ። በ2011 ዓ.ም. 15 የሞላት ልጅ ግን በዚያን ጊዜ 21 ዓመቷ ነበር፤ መስመሩ ዳግመኛ አለፋት።

ውሳኔው በጊዜው ዕውቀት ትክክል ስለነበር ማንም ዕዳ የለበትም የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። የመጀመሪያውን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ሁለተኛውን አልቀበልም። ለሌሎች ሲባል ወደ ኋላ እንዲቀር የተደረገ ሰው፣ እጥረቱ ካለፈ በኋላ ሊታወስ ይገባዋል። ይህ ማለት ለእነዚህ ሴቶች ያለፋቸውን በግልጽ መንገር፣ 30 ዓመት ሲሞላቸውም ለማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ በስም ፈልጎ መጥራት ነው።

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁ ተማሪዎች መካከል በ2011 ዓ.ም. 15 የሞላችሁ ትኖራላችሁ። ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ እንዳልቀር ብዬ ነው ዛሬ የተናገርሁት።