የሐኪሞች የሙያ ምርጫና በመንግሥት ሆስፒታሎች መቆየት፦ ቸሃ፣ ወልቂጤና ቡታጅራ

አንድ ሐኪም የሚሠራበትን የመንግሥት ሆስፒታል ሲለቅ ጉዳቱ ቀድሞ የሚደርሰው በተገልጋዩ ላይ ነው። በሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ባለሙያ አንድ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ በለቀቀ ማግስት በቀዶ ሕክምና መውለድ የሚገባት እናት ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ትገደዳለች። ስለዚህ የሕክምና ተማሪዎች ከምረቃ በኋላ የት ለመሥራት እንደሚያስቡ ማወቅ የትምህርት ተቋማት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰቡም ጉዳይ ነው።

የአገልግሎቱ አደረጃጀት

በኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታቅደዋል። ከእነዚህ በታች የጤና ኬላና የጤና ጣቢያ አገልግሎት ይሰጣል። በቸሃ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አጣጥ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ሲያገለግል ቆይቷል። በጉብሬ ደግሞ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛል።

ከተማሪነት እስከ ስፔሻሊስትነት

የሕክምና ዶክትሬት ትምህርት የተግባር ልምምድ ዓመቱን ጨምሮ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ተመራቂው የሙያ ብቃት ምዘናውን ሲያልፍና ፈቃድ ሲያገኝ በጠቅላላ ሐኪምነት ይሠራል። ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሻ ሐኪም አገር አቀፉን የመግቢያ ፈተና ካለፈ በኋላ እንደ ዘርፉ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠለጥናል። አብዛኞቹ የሥልጠና ማዕከላት በትልልቅ ከተሞች ስለሚገኙ፣ ወረዳ የወጣው ጠቅላላ ሐኪም የሚያስበው ቀጣዩ እርምጃ ከወረዳው የሚያርቀው ነው።

መንግሥት የሐኪሞችን ቁጥር ለማሳደግ በ2004 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን በአዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ አስጀምሯል። ይሁንና የተመራቂ ብዛት ብቻውን ክፍተቱን አይሞላም። ቅጥር የሚፈጸመው በዋናነት በክልልና በወረዳ በጀት በመሆኑ፣ የሥራ መደብ ካልተከፈተ ተመራቂው ሥራ ፈላጊ፣ ሆስፒታሉም ሐኪም ፈላጊ ሆነው ሊቀጥሉ ይችላሉ።

ለመልቀቅ የሚያነሳሱ ምክንያቶች

የደመወዝ አነስተኛነት፣ በግል ተቋማትና በውጭ አገር የተሻለ ክፍያ መኖሩ፣ የተደራራቢ ተረኝነት ጫና፣ የመሣሪያና የመድኃኒት እጥረት፣ የመኖሪያ ቤት ችግር፣ እንዲሁም የትዳር ጓደኛ ሥራና የልጆች ትምህርት ቤት ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች መካከል ይገኛሉ። ከሁሉም በላይ ግን በአንድ ስፍራ ለብዙ ዓመታት ሠርቶ በሙያው ምንም አለማደግ ሐኪሙን ተስፋ ያስቆርጣል።

ለመቆየት የሚረዱ እርምጃዎች

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣውና በ2021 ባሻሻለው መመሪያ፣ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን ተቀብሎ ማስተማር፣ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ከዋና ከተሞች ውጭ መክፈት፣ የተግባር ልምምድን በገጠር ማካሄድና የኑሮ ሁኔታን ማሻሻል ይመከራል። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው ሐኪሞችን ማሠልጠኑ ከዚህ ምክር ጋር ይጣጣማል።

ትንሽ ከተማ የዕውቀት ማዕከል ልትሆን እንደምትችል የምሥራቅ ጉራጌ ዞኗ ቡታጅራ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የሕዝቡን ልደትና ሞት በተከታታይ እየመዘገበ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የመማሪያ መስክ ሆኗል። በሙያው የሚያድግበትን ዕድል በተመደበበት ስፍራ የሚያገኝ ሐኪም የመቆየት ምክንያት ይኖረዋል።

ከዚህ በተጨማሪ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ የሚበቁ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች በማስተርስ ደረጃ እየሠለጠኑ ነው። በጤና ፋይናንስ ማሻሻያው ደግሞ ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲጠቀሙና ሐኪሞች ከመደበኛ ሰዓት ውጭ በሆስፒታሉ የግል ሕክምና ክፍል እየሠሩ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያገኙ ተፈቅዷል።

የተገልጋዩ ድርሻ

ተገልጋዮች፦

• ከድንገተኛ ሕመም በስተቀር ሕክምናቸውን በአቅራቢያቸው ከሚገኘው ጤና ጣቢያ ቢጀምሩና በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ቢሄዱ የሐኪሙ ጊዜ ለከባድ ሕመሞች ይውላል፤
• የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ቢሆኑ በሕመም ጊዜ ከሚገጥማቸው ወጪ ይጠበቃሉ፤ ተቋሙም የተሻለ ገቢ ያገኛል፤
• የሕዝብ ተወካይ ባለበት የሆስፒታሉ የሥራ አመራር ቦርድ አማካይነት የሐኪም መኖሪያ ቤት፣ የተረኝነት ክፍያና የጸጥታ ጥያቄዎችን ማቅረብ ይችላሉ።

መንገድና ትምህርት ቤት በራስ አገዝ መዋጮ የመሥራት ልማድ በጉራጌ የቆየ ነው። ለሐኪም መኖሪያ የሚሆን ቤት ማዘጋጀትም በዚሁ ልማድ ሊከናወን የሚችል ተግባር ነው።