«የቀን ነሽ የማታ?»፦ የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ሰሞኑን ከመካከላችን አንዷ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርባ ነበር፡፡ ጥያቄው ሁሉ በሰላም ካለፈ በኋላ ጠያቂው የምስክር ወረቀቷን አገላብጦ፣ «ሁለተኛ ደረጃን የጨረስሽው በቀን ነው በማታ?» አላት፡፡ ቀን ቀን ሱቅ ትሠራ ስለነበር የተማረችው በማታ ነው፡፡ እንደዚያው ነገረችው፡፡ ሰውየው «እ…» ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገው፡፡

ቡና ላይ ስታወራልን ለሁለት ተከፈልን፡፡ ግማሾቻችን «ምን ያስገርማል? የማታ ትምህርት ሰዓቱ አጭር ነው፤ ተማሪውም መምህሩም ደክመው ነው የሚገናኙት» አልን፡፡ ግማሾቻችን ደግሞ «የተፈተነችው ፈተና ከቀን ተማሪው ጋር አንድ አይደል እንዴ? ሰዓቱ ምን አገባው?» አልን፡፡ ክርክሩ ሲከር ትምህርትን በሰዓት መቁጠር ከየት መጣ ብለን ታሪኩን ማገላበጥ ያዝን፡፡ ፍለጋው አሜሪካ አደረሰን፡፡ ከክፍል ውጭ የተገኘን ዕውቀት ለሁለተኛ ደረጃ እንቁጠረው አንቁጠረው የሚለው ሙግት እዚያ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ነው፡፡

ከጡረታ የተወለደው ሰዓት

ነገሩ የሚጀምረው ከተማሪ አይደለም፤ ከፕሮፌሰሮች ጡረታ ነው (ልብ በሉ!)፡፡ እ.ኤ.አ. በ1905 የብረት ቱጃሩ አንድሩ ካርኔጊ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚውል 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፡፡ ገንዘቡን እንዲያስተዳድር የተቋቋመው የካርኔጊ ፋውንዴሽን ግን አንድ ችግር ገጠመው፡፡ በዚያ ዘመን «ኮሌጅ ነኝ» የሚለው ብዙ ነበር፤ የትኛው የእውነት ኮሌጅ እንደሆነና የትኛው ስሙን ብቻ እንደያዘ መለየት አስቸጋሪ ነበር፡፡ ስለዚህ ፋውንዴሽኑ መስፈርት አወጣ፡፡ ከመስፈርቶቹ አንዱ፣ ኮሌጁ ተማሪ ሲቀበል ቢያንስ 14 «ዩኒት» የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጠየቅ አለበት የሚል ነበር፡፡ አንድ ዩኒት ማለት አንድ የትምህርት ዓይነት ዓመቱን ሙሉ፣ በድምሩ 120 ሰዓት ያህል መማር ነው፡፡

ኮሌጆቹ ጡረታውን ፈለጉ፡፡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ ልጆቻቸው ኮሌጅ እንዲገቡላቸው ፈለጉ፡፡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሩ ሁሉ ትምህርትን በዚህ ሚዛን መመዘን ጀመረ፡፡ የተማሪን ዕውቀት ለመለካት ያልታሰበ መለኪያ የተማሪ መለኪያ ሆኖ ቀረ፡፡

በፖስታ የመጣ ክፍል

ሰው ግን ሁሉም ወንበር ላይ ለመቀመጥ አልታደለም፡፡ የገበሬ ልጅ አለ፤ በልጅነቱ ፋብሪካ የገባ አለ፤ ትምህርት ቤቷ የምትፈልገውን ትምህርት የሚያስተምር መምህር ያጣችም አለች፡፡ እ.ኤ.አ. በ1923 በሚሺጋን ግዛት ቤንተን ሃርበር በምትባል ከተማ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ራሱ መስጠት የማይችላቸውን የሙያ ትምህርቶች ተማሪዎቹ በፖስታ እንዲከታተሉ ማድረግ ጀመረ፡፡ በ1929 ደግሞ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በፖስታ መስጠት ጀመረ፡፡ ዛሬ እኛ «የርቀት ትምህርት» የምንለው መሆኑ ነው፡፡ በዚህ መንገድ ክፍሉ ከአራቱ ግድግዳ ወጣ፡፡

ከጦር ሜዳ የተመለሱት

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ጦርነት ነው፡፡ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለተመለሱ ወታደሮች፣ ምን ተማርክ ብለው ሳይጠይቁ፣ ስለዘመቱ ብቻ በደፈናው ክሬዲት ሰጥተው ነበር፡፡ ደግነት ነው፤ ነገር ግን ወታደሩ ምን እንደሚያውቅ የሚያሳይ ነገር ስላልነበረው ወረቀቱን አረከሰው፡፡

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ይህ ስህተት እንዳይደገም ተፈለገ፡፡ በዚህኛው ጦርነት 16 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን ዘምተዋል፤ ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃን አልጨረሱም ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1942 ሠራዊቱ በዊስኮንሲን ግዛት ማዲሰን ከተማ ለወታደሮች በፖስታ የሚያስተምር ተቋም ከፈተ፡፡ በዚያው ዓመት ራልፍ ታይለርና ኤቨረት ሊንድክዊስት የተባሉ የትምህርት ምዘና ሊቃውንት የተሳተፉበት የፈተና ዝግጅት ተጀመረ፡፡ ፈተናው አምስት ክፍል ነበረው፡፡ የትኛውን መጽሐፍ እንዳነበብክ፣ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥክ አይጠይቅም፡፡ የሚጠይቀው አንብበህ ትረዳለህ ወይ፣ ትጽፋለህ ወይ፣ ታሰላለህ ወይ ብሎ ነው፡፡ የት ተማርከው? ምሽግ ውስጥም ይሁን መርከብ ላይ፣ ያ የራስህ ጉዳይ ነው፡፡

ዛሬ ዲያስፖራው ሁሉ የሚያውቀው «ጂኢዲ» ይህ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1947 የኒው ዮርክ ግዛት ወታደር ላልሆኑ ሰዎችም ፈቀደ፡፡ በ1959 ከቀድሞ ወታደሮች ይልቅ የሲቪል ተፈታኞች ቁጥር በለጠ፡፡ በ1974 ካሊፎርኒያ ስትጨመር ሃምሳውም ግዛቶች ተቀበሉት፡፡ ከመካከላችን የአንዷ አክስት ዋሽንግተን አካባቢ ቀን አረጋውያን እየተንከባከበች ማታ አጥንታ ያለፈችው ይህንኑ ፈተና ነው፡፡ ውጤቷን የሰማች ቀን ስልክ ደውላ ያለቀሰችው ለቅሶ እስካሁን ቤተሰቡ ውስጥ ይወራል፡፡

ሄክማን የጣለው ጥያቄ

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ ለእኛ ወገን ድል ነበር፡፡ ግን አላለቀም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1993 ጄምስ ሄክማንና ስቲቨን ካሜሮን አንድ ጥናት አወጡ (ሄክማን በ2000 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ነው)፡፡ ጥናቱ ጂኢዲ ያላቸው ሰዎች በደመወዝም ሆነ በሥራ ሁኔታ ከመደበኛ ተመራቂዎች ይልቅ ትምህርታቸውን አቋርጠው ለቀሩት ይቀርባሉ አለ፡፡ ሄክማን በኋላ ባደረጋቸው ጥናቶች ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ፈተና ዕውቀትን ይለካል እንጂ ጽናትን አይለካም ይላል፡፡ በየጠዋቱ መነሳት፣ የጀመሩትን መጨረስ፣ አሰልቺውን መታገስ በአንድ ቀን ፈተና አይታዩም፡፡

እንግዲህ ያ ጠያቂ «እ…» ሲል ጨርሶ የተሳሳተ አይመስልም፡፡ ወንበሩ ላይ መቀመጥም የሚያስተምረው ነገር አለ ማለት ነው፡፡

ግን እስቲ ነገሩን ገልብጠን እንየው፡፡ የጎደለው ጽናት ከሆነ፣ ስምንት ሰዓት ቆማ ሠርታ፣ ታክሲ ተጋፍታ፣ ማታ ደብተር ይዛ ዓመት ከዓመት ክፍል ከምትገባ ልጅ በላይ ጽኑ ማን አለ? የእሷ መንገድ አንድ ቀን ተፈትኖ የሚያልቅ አይደለም፡፡ ወረቀቷ ላይ ግን ይህ አይጻፍም፤ የሚጻፈው «የማታ» የሚል ቃል ብቻ ነው፡፡ ሄክማን ዋጋ አለው ያለውን ነገር እኛ እንደ ነውር ቆጠርነው፡፡

በሌላ በኩል ወንበር ብቻውን ምን እንደሚያስገኝ በራሳችን አገር አይተናል፡፡ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ገደማ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፡፡ አሥራ ሁለት ዓመት የተቆጠረ ሰዓት ዕውቀት ካልሆነ፣ ሰዓት ስለጎደለው ብለን ማንን ነው የምንንቀው?

ሚዛኑን የሠራው ሲጠራጠር

አሜሪካኖቹም መንገድ ፍለጋ ላይ ናቸው፡፡ የኒው ሃምፕሸር ግዛት እ.ኤ.አ. በ2005 ክሬዲት በሰዓት ሳይሆን ተማሪው ችሎታውን በማሳየቱ እንዲሰጥ ደነገገ፤ በሥራ ልምምድ የተገኘ ዕውቀት ሳይቀር እንዲቆጠር በር ከፈተ፡፡ ከሁሉ የሚገርመው የካርኔጊ ፋውንዴሽን ራሱ ነው፡፡ በ2015 ባወጣው ዘገባ ዩኒቱ ዕውቀትን ለመለካት የተሠራ እንዳልነበር አመነ፤ ሆኖም የሚተካው ስላልተገኘ ይቆይ አለ፡፡ በ2023 ግን ከፈተና አዘጋጁ ኢቲኤስ ጋር ሆኖ ምትክ ሊፈልግለት ተነሳ፡፡ ሚዛኑን የሠራው ሚዛኑን ሲጠራጠር፣ እኛ እዚህ በዚያው ሚዛን ሰው እንመዝናለን፡፡

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ቡና ላይ የተጣላነው ሁለት ወገን ታረቅን፡፡ ሰዓት ብቻውን አይበቃም፤ የአንድ ቀን ፈተናም ብቻውን አይበቃም፡፡ ሰው መጠየቅ ካለበት ምን ታውቃለህ፣ ምን ሠርተህ ታሳያለህ፣ እዚህስ ለመድረስ ምን ከፈልክ ተብሎ ይጠየቅ፡፡ የቀን ነህ የማታ የሚለው ከሦስቱ አንዱንም አይመልስም፡፡

ጓደኛችን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቃለ መጠይቅ አላት፡፡ «የቀን ነሽ የማታ?» ከተባለች ምን እንደምትል ተማክረናል፡፡ «ቀን ሠርቼ፣ ማታ ተምሬ ነው» ትላለች፤ አንገቷን ሳትደፋ፡፡

ቸር ወሬ ያሰማን!