የሚንሸራተተው ቁም ሳጥኑ ነው

ቤት ልንቀይር ስንሰናዳ ከገዛኋት ትንሽ ፓኬት ላይ «የቤት ዕቃ ተንሸራታች» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ውስጧ ያሉት አራት ክብ ነገሮች ናቸው፤ ላያቸው ጎማ፣ ሥራቸው ወፍራም ሱፍ። ከከባድ ዕቃ እግር ሥር ሲገቡ ፓርኬው ሳይጫር ዕቃውን ወደፈለጉበት ይወስዱታል። ዕቃዋን ወደድኳት፤ ስሟ ግን አናደደኝ። ሻጩም «ተንሸራታች ነው የፈለጉት?» ብሎ ነበር የሰጠኝ፤ ቃሉ መለመድ ጀምሯል ማለት ነው።

ጥፋቱ ያለው «ተ» ላይ ነው። «ተንጠለጠለ» የሚለውን እንይ። ኮቱ ተንጠልጣይ ነው፤ የሚሰቀልበት ዕቃ ደግሞ ማንጠልጠያ። ሱቅ ገብቶ «ሦስት ተንጠልጣይ ስጠኝ» የሚል ሰው የለም። ውሃውም ይንቆረቆራል፤ የምናንቆረቁርበት ግን ማንቆርቆሪያ ነው። እንግዲህ በዚሁ መንገድ ተንሸራታቹ ቁም ሳጥኑ ሲሆን፣ ከሥሩ የገባችው ክብ ሱፍ ማንሸራተቻ ናት። «ተንሸራታች በር» ስንል ትክክል ነን፤ በሩ ራሱ ሐዲዱ ላይ ይንሸራተታልና። አማርኛ ይህን ልዩነት በአንዲት ፊደል ይዞልን ሳለ እኛው ስናፈርሰው ያሳዝናል።

«ስላይደር ብንለውስ?» የሚሉ አሉ። ፓርኬንም ቡፌንም ከውጭ ተቀብለናል፣ በውሰት ቃል አልጣላም። «ማንሸራተቻ» ግን ሥሩ በልጆቻችን አፍ ያለ ቃል ነው፤ ሸርተት አለ ይላሉ፣ ሸርተቴ ይጫወታሉ። ዕቃዋን ራሷን «ሸርተቴ» እንበላት ያለኝ ወዳጅም አለ። ያምራል፤ ነገር ግን ሸርተቴ የጨዋታው ስም ነው፣ ለልጆቹ ይቅርላቸው። «የእግር ጫማ» የሚለውን ደግሞ ከወንበር እግር ሥር ተለጥፎ ለሚኖረው ሱፍ ባስቀምጠው እወዳለሁ። የኛዋ ሥራዋን ጨርሳ የምትወጣ ናት።

ሌላው ተቃውሞ «መንሸራተት አደጋን ያስታውሳል» የሚል ነው፦ የመሬት መንሸራተት፣ ጭቃ ላይ መንሸራተት። እውነት ነው፤ ግን ያ «መ» ነው። «ማ» ሲሆን የሰው እጅ አለበት፤ ዕቃው የሚሄደው ሰው ወደመራው ነው። ቡፌውን ባዛወርን ዕለት ይህን በጆሮዬ ሰማሁ። አንዱ ወጣት ጫኝ በጉልበቱ ሊስበው ሲል ታላቁ «እንዳትጎትተው! አንሸራትተው!» ብሎ ጮኸበት። ከዚያ መሳቢያዎቹን አወጣና ወለሉን ጠረገ። ከሱፉ ሥር የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጣውላውን እንደ ምስማር ትጭረዋለች። ታናሹ አንዱን ጥግ በጣም ሳያነሳ ከፍ አደረገ፣ ታላቁ ማንሸራተቻዋን ከእግሩ ሥር አስገባ። አራቱም ከገቡ በኋላ ጎንበስ ብለው ከታች በኩል ገፉት። ቡፌው ድምፅ እንኳ አላሰማም።

የፓኬቷ ጽሑፍ ሌላም ጉድለት አለበት፤ ለየትኛው ወለል እንደሆነች አይናገርም። ለምንጣፍ የሚሠራው ማንሸራተቻ ሥሩ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ያንን ጣውላ ላይ ያደረገ ሰው ወለሉን አበላሸ። ስለዚህ አሻሻጮቹ በሚቀጥለው ሲያሳትሙ በአንዱ ፓኬት ላይ «የቤት ዕቃ ማንሸራተቻ፣ ለጣውላ ወለል»፣ በሌላው ላይ «የቤት ዕቃ ማንሸራተቻ፣ ለምንጣፍ» ብለው ይጻፉልን።