የመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፦ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ለሚመጡ ጎብኚዎች የቀረበ መረጃ

ከደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ተጓዥ በከተማዋ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ቀናት ነው። ከሚዛን ተፈሪ በቦንጋና በጅማ በኩል ያለው መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ያህል ተጉዞ ካቴድራሉን ሳያዩ ከደጅ መመለስ እንዳይገጥም፣ የአገልግሎቱን ሰዓትና ሥርዓት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ታሪክ

ካቴድራሉ በፒያሳ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ይገኛል። ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንፃ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ለተገኘው የዐድዋ ድል መታሰቢያነት የታነጸ ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወራሪ ኃይል በእሳት ቢያቃጥለውም፣ ከነጻነት በኋላ ታድሷል።

ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ስፍራ ነው። ሚዛን ተፈሪ በስሟ የያዘችው «ተፈሪ» ንጉሠ ነገሥቱ ከመንገሣቸው በፊት የሚጠሩበት ስም ነበር።

የሚጎበኙ ቅርሶች

በካቴድራሉ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሥዕልና የሞዛይክ ሥራዎች ይታያሉ። በቅጥር ግቢው የሚገኘው ሙዚየም የንግሥ አልባሳትንና ሌሎች ታሪካዊ ቅርሶችን ይዟል።

ተስማሚ ጊዜ

• በአዘቦት ቀናት ጉብኝቱ ከጠዋቱ ቅዳሴ ፍጻሜ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።
• በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚካሄድ፣ በጠዋት መድረስ ይሻላል።
• ወር በገባ በ23ኛው ቀን፣ በተለይም ሚያዝያ 23 በሚከበረው ዓመታዊ በዓል፣ ምእመናን ስለሚበዙ ለተረጋጋ ጉብኝት አይመችም።
• የሙዚየሙን የመግቢያ ሰዓትና ክፍያ በዕለቱ ከጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጥ ይገባል።

ሊከበር የሚገባ ሥርዓት

ካቴድራሉ ቅርስ ብቻ ሳይሆን ዘወትር አገልግሎት የሚሰጥ ቤተ ክርስቲያን ነው። በመሆኑም ጎብኚዎች፦

• ጨዋነት ያለው ልብስ ይለብሳሉ፤ ሴቶች ነጠላ ይከናነባሉ፤
• ወደ ውስጥ ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ፤ ወንዶችና ሴቶች በየተለየላቸው በር ይገባሉ፤
• ወደ መቅደሱ አይገቡም፤
• ፎቶግራፍ ከማንሳታቸው በፊት ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ብልጭታ አይጠቀሙም።

ተጨማሪ ጉብኝት

ቀሪ ጊዜ ያለው ጎብኚ በአጭር የታክሲ ጉዞ አራት ኪሎ ወደሚገኘው መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መድረስ ይችላል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ዘውድ የጫኑት ንጉሠ ነገሥት አፅማቸው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ያረፈው በዚያ ነው። ሁለቱን ካቴድራሎች በአንድ ቀን ማየት የሚፈልግ ጎብኚ ጉዞውን ከፒያሳ ቢጀምር የታሪኩን ቅደም ተከተል ለመከተል ይረዳዋል።