ሊቀ መኳስ ዮሐንስ፦ የንጉሡን ልብስ የለበሰው መርከበኛ

ወሎን ከሸዋ ጋር በሚያገናኘው በጨፋ ሸለቆ፣ በከሚሴና በቦርከና ዳር፣ የዘመነ መሳፍንት ነገር ሲነሣ የወሎና የየጁ ባላባቶች ስም አብሮ መነሣቱ አይቀርም። ከእነዚህ ቤቶች የአንዱ ልጅ፣ የወረ ሂመኖዋ እቴጌ መነን ሊበን፣ የጎንደርን ቤተ መንግሥት ሲያዝዙ ልጃቸው ራስ ዓሊ ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው አገሩን ይገዙ ነበር። ከባሕር እጅግ ርቆ ወደሚገኘው ወደዚህ ደጋማ አደባባይ ነው አንድ ወጣት መርከበኛ የመጣው።

ሰውየው ጆን ቤል ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፤ በወጣትነቱ የባሕር ሰው ነበር። በ1830ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አገራችን ገብቶ የጣናን አካባቢ ካየ በኋላ ተመልሶ ሄደ። በ1835 ዓ.ም. ስዌዝ ላይ ዋልተር ፕላውደን ከተባለው የአገሩ ልጅ ጋር ተገናኝቶ፣ የነጭ ዓባይን ምንጭ እንፈልግ ብለው አብረው መጡ። ፕላውደን ውሎ አድሮ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ፤ በ1842 ዓ.ም. ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ቤል ግን የዲፕሎማሲውን ሥራ ለጓደኛው ትቶ በራስ ዓሊ ሠራዊት ውስጥ ገባ።

በዚያ ዘመን ጦርነትና ጋብቻ የአንድ ፖለቲካ ሁለት እጆች ነበሩ። ራስ ዓሊ የቋራውን ካሳን ለማግባባት ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት፤ ውሉ ሲፈርስም ጦርነቱ በአማትና በአማች መካከል ሆነ። ዘመድ የሌለው ሰው ጋሻ እንደሌለው ተዋጊ በሚቆጠርበት አገር፣ ባዕዱ ቤል ከመኳንንት ወገን የሆኑትን ወይዘሮ ወርቅነሽ አስፋ ይልማን አገባ። ልጆች ወለደ፤ እንደ አገሬው ለበሰ፣ እንደ አገሬው በላ፣ በአገሬው ቋንቋ ተነጋገረ። ስሙም ዮሐንስ ተባለ።

የአውሮፓ ተጓዦች ይህን ጋብቻ የነጩ ጀብደኛ አንድ ገድል አድርገው ማየት ይወዱ ነበር። ነገሩ ግን ከዚህኛው ወገን ሲታይ ሌላ መልክ አለው። ለመርከበኛው ቤት፣ ወገንና ክብር የሰጠችው ኢትዮጵያዊቷ ወይዘሮ ነበረች። እሷ ባትኖር ኖሮ ቤል መጥቶ ከሚሄደው እንግዳ ሁሉ አንዱ ሆኖ በቀረ ነበር።

ሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት ራስ ዓሊ በካሳ ድል ሆኑ። ቤል ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ተማጠነ። ካሳም እንደማይነካው ቃል ሰጥቶ አስወጣው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል ጽኑ ወዳጅነት ተመሠረተ። ካሳ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደራስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ቤልም የሊቀ መኳስነትን ማዕረግ አገኘ። ሊቀ መኳስ በጦር ሜዳ ንጉሡን መስሎና እንደ ንጉሡ ለብሶ የጠላትን ጦር ወደ ራሱ የሚስብ ሹም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ልብስ ለባዕድ ማልበሳቸው የእምነታቸውን ልክ ያሳያል። ቤል ሼክስፒርን እየተረጎመ ያጫውታቸው እንደ ነበርም ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። አንዳንድ ጸሐፊዎች ቴዎድሮስ ለዘመናዊ ሠራዊትና ለመድፍ የነበራቸውን ጉጉት የቤልና የፕላውደን ምክር ውጤት ያደርጉታል። ይሁን እንጂ ካሳ በሥርዓት የሠለጠነ ጦርና መድፍ ምን እንደሚሠራ የተማረው በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ፣ በግብፆች እጅ ተሸንፎና ቆስሎ ነው። ትምህርቱ የተገኘው በገዛ ደሙ ነበር። የቤል ድርሻ ታማኝ ጓደኛና የሩቁን ዓለም ጠባይ አስረጂ መሆን ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ትንሽ አለመሆኑም በጉድለቱ ታወቀ። በ1852 ዓ.ም. ፕላውደን በጎንደር አቅራቢያ በሸፍታው በጋረድ ሰዎች ቆስሎ ሞተ። በጥቅምት 1853 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ጋረድን ሲወጉ ቤል ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። የማዕረጉን ግዴታ በሕይወቱ ፈጸመ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በኀዘንና በቁጣ የተማረኩትን የጋረድ ተከታዮች በጅምላ አስገደሉ። ከዚያ በኋላ የለንደንን ጠባይ እንደ ወዳጅ ሆኖ የሚያስረዳቸው ሰው አልነበረም። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ የቁጣው መጨረሻ እስረኞች፣ ቀጥሎም የናፒየር ዘመቻ ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሁሉም አበቃ።

መቅደላ ደግሞ ወደ ተነሣንበት ወደ ወሎ ይመልሰናል። ቴዎድሮስ አምባውን ከወሎ ገዢዎች የነጠቁት በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመቻ በዘመቻ ላይ ተደራርቦ የወሎ ገበሬ እህሉንና ከብቱን አጣ፤ መኳንንቱም በዚያው አምባ ታስረው ተገደሉ። ስለዚህ የሊቀ መኳሱን ታማኝነት ስናደንቅ፣ የታመነለት ዙፋን በሕዝብ ላይ ያደረሰውን መከራ አብረን መመዘን ይገባናል። ለወዳጅ መሞት ትልቅ ነገር ነው፤ ታሪክ ግን ወዳጁ በሰይፉ ምን እንዳደረገበትም ይጠይቃል።

የቤል ልጅ ሱዛን በጋፋት መድፍ ከሠሩት ሚስዮናውያን አንዱን፣ ቴዎፊል ዋልድማየርን አግብታ ከመቅደላ በኋላ አገሯን ለቃ ወጣች፤ በሊባኖስ ብሩማና ባሏ ትምህርት ቤት ሲያቋቁም አብራው ነበረች። አባት ከባሕር ወጥቶ ደጋ ላይ ቀረ፤ ልጅ ከደጋ ወርዳ ባሕር ተሻገረች። ቴዎድሮስን በመድረክ ላይ ደጋግመን አይተናል፤ አንዳንድ ጊዜም ከአጠገባቸው የቆመውን እንግሊዛዊ አሳይተናል። ወይዘሮ ወርቅነሽ ግን ገና ከመጋረጃው በስተ ጀርባ ናቸው። ይህን ታሪክ እንደ ገና ለመድረክ የሚያበቃ ደራሲ ከእሳቸው ቤት ቢጀምር፣ መርከበኛው እንዴት ሊቀ መኳስ እንደ ሆነ በትክክል ሊያሳየን ይችላል።